ቀይዋ ጣውንት

አሮጌ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ አይታችሁ ልባችሁ ከደነገጠ፣ እስቲ መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሙ! መኪናዋ በፈረንጆች ከ1967 እስከ 1975 የተሠራች አሮጊት ናት። እኔ ሞኙ የዕቁብ ብሬን ቀይ ቀለም ላይ ጨረስኩና ራዲያተሯን ረሳሁ። አንድ እሁድ ከእጮኛዬ ጋር እንጦጦን ስንወጣ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ጋ ደረሰ። "ኧረ አቁም!" አለችኝ። አፍሬ ዝም ብዬ ነዳሁ። ቴስታታዋ አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል። ጉርኒሲዮኑም ተቃጠለ። ለሠርግ ያጠራቀምነው ብር ጋራዥ ገባ፣ ሠርጉም ተራዘመ።

ምክሬ አጭር ናት። ብራችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ለመግዣ፣ ግማሹ ለመጠገኛ። ራዲያተር፣ ቺንጋና ፍሬን ይቅደሙ፤ ቀለም መጨረሻ ይድረስ። መርፌው ሲወጣ ሞተር አጥፉ፤ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትከፍቱ!

እጮኛዬ መኪናዋን ዛሬም "ጣውንቴ" ትላታለች።