«አለቃዬ ሪፖርት አድርጎልኛል» አይበቃም

በቨርጂኒያ መጋዘንና ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ፣ በሥራ ላይ ወገባቸው ወይም እጃቸው የተጎዳ ወገኖቻችንን ሳነጋግር አንድ መልስ እሰማለሁ፦ «አለቃዬ ሪፖርት አድርጎልኛል።» ይህ አይበቃም። ለአሠሪው ጉዳቱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፤ የካሣ ጥያቄን ለግዛቲቱ የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽን በ2 ዓመት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሌላ። ኢንሹራንሱ የሐኪም ቢል ስለከፈለ ብቻ ጥያቄያችሁ ገብቷል ማለት አይደለም።

አሠሪው ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ሕጉ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውንም ሠራተኛ ይሸፍናል። ጨርሶ መሥራት ላቃተው፣ ጣሪያው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ይከፍላል።

እኔ የምፈራው ሕጉን ሳይሆን ይሉኝታችንን ነው። «ከአለቃዬ ጋር ልቀያየም?» እየተባለ 2 ዓመቱ ያልፋል፤ ወገቡ ግን ዕድሜ ልክ ያማል። ፎርሙን ዛሬውኑ ሙሉ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።