የሕይወት ፊደል ከወዴት መጣ?

ፊደል የቈጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «ለ» የሚለውን ምልክት የግድ «ለ» ብለን እንድናነብበው የሚያስገድድ ነገር በቅርጹ ውስጥ የለም። መምህራችን «ለ በል» ስላሉን «ለ» አልን፤ እርሳቸውም ከመምህራቸው ተቀብለውታል። በሕያዋን ፍጥረታት ሰውነት ውስጥ ያለው ጽሕፈትም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሣል። ምልክቱና ትርጕሙ መጀመሪያ በምን ተገናኙ? ሊቃውንት ከስድሳ ዓመት በላይ የተመራመሩበትን ይህን ነገር ለአንባቢዎቻችን እንደሚቻለን እንገልጻለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የጽሕፈቱን ጠባይ እንመልከት። በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚያከናውኑት ፕሮቲኖች ናቸው፤ እነርሱም አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ቅንጣቶች እንደ መቍጠሪያ በተራ ተሰክተው ይሠራሉ። የአሰካኩ ተራ በዘር ውስጥ ተጽፏል፤ ጽሕፈቱም ከዲ.ኤን.ኤ. ወደ አር.ኤን.ኤ. ከተገለበጠ በኋላ ይነበባል። የአር.ኤን.ኤ. ፊደላት ኤ፣ ጂ፣ ሲ እና ዩ የተባሉ 4 ብቻ ናቸው። ሦስት ሦስት እየሆኑ አንድ ቃል ስለሚያቆሙ በጠቅላላው 64 ቃላት ይገኛሉ። ከእነዚህ 61ዱ አሚኖ አሲዶችን ያመለክታሉ፤ የቀሩት 3ቱ እንደ አራት ነጥብ የመጨረሻ ምልክት ናቸው። የትኛው ቃል የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚያመለክት የሚያሳየው ሠንጠረዥ የዘር ኮድ ይባላል።

ከዚህ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ቃል ያነበቡት በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማቴይ ናቸው። በ1961 ዩ ብቻ የተደጋገመበትን አር.ኤን.ኤ. ከባክቴሪያ በተጨመቀ ፈሳሽ ውስጥ ቢጨምሩት፣ ፌኒልአላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ብቻ የተደረደረበት ሰንሰለት ወጣ። በ1966 ሠንጠረዡ ተፈጸመ።

ሰውም፣ ጤፍም፣ ባክቴሪያም በአንድ ዓይነት ኮድ መጠቀማቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጥቅሙን ሳያውቀው ይቀበለዋል። ለሰው ኢንሱሊን የሚያዝዘው ጽሕፈት በ1978 ወደ ባክቴሪያ ቢገባ፣ ባክቴሪያው እንደ ራሱ ጽሕፈት አንብቦ የኢንሱሊኑን ክፍሎች ሠራ፤ መድኃኒቱም በ1982 በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንግዲህ ይህ ስምምነት ከየት መጣ? ፍራንሲስ ክሪክ በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ ኮዱ ምናልባት የረጋ አጋጣሚ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ቃልና ትርጕም በአጋጣሚ ተገናኝተው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዱን ቃል መለወጥ በእርሱ የተጻፉትን ፕሮቲኖች ሁሉ ስለሚያበላሽ፣ ስምምነቱ እንደ ረጋ ቀረ ማለት ነው። ነገሩ አሳማኝ ነው፤ ነገር ግን እኛ ይህ ብቻ የሚበቃ አይመስለንም። ምክንያታችንም በሠንጠረዡ ውስጥ የሚታየው ሥርዓት ነው።

በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ድምፅ እንደሚነበቡ፣ በኮዱም ብዙ ቃላት አንድ ትርጕም አላቸው፤ ሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ብቻውን 6 ቃላት አሉት። እነዚህም ተመሳሳይ ቃላት የተበተኑ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት በሦስተኛው ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ገልባጩ ሦስተኛውን ፊደል ቢስት ብዙ ጊዜ ትርጕሙ አይለወጥም። የመካከለኛው ፊደል ስሕተት ግን ከባድ ነው። በመካከላቸው ዩ ያለባቸው ቃላት ሁሉ ውኃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶችን ያመለክታሉ። ሲክል ሴል በሚባለው የደም ሕመም የሆነውም ይኸው ነው፤ በሄሞግሎቢን ጽሕፈት ውስጥ በአንድ ቃል መካከል የነበረው ኤ ወደ ዩ ስለ ተለወጠ፣ ውኃ በሚወድደው ግሉታሚክ አሲድ ቦታ ውኃ የሚሸሸው ቫሊን ገባ። በዚህም ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ እየተጣበቀ የደሙን ሕዋስ እንደ ማጭድ ያጐብጠዋል። ከሁለቱም ወላጆቹ ይህን ጽሕፈት የወረሰ ልጅ በአንዲት ፊደል ምክንያት ዕድሜውን ሁሉ በሕመም ይፈተናል።

በ1998 ስቲቨን ፍሪላንድና ሎረንስ ኸርስት በኮምፒዩተር አንድ ሚሊዮን የዘፈቀደ ኮዶችን ሠርተው፣ የስሕተትን ጉዳት በማቅለል ከተፈጥሮው ኮድ ጋር አወዳደሩአቸው። የሚበልጠው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዕጣ ብቻ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አወጣ ማለት ያስቸግራል።

ከዚህ የሚከብደው እንቆቅልሽ ሌላ ነው። ቃልን ከአሚኖ አሲዱ ጋር የሚያጋጥሙት ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ እነርሱም በዚያው ኮድ ተጽፈው የተሠሩ ናቸው። ፊደል የሚያስተምረው መጽሐፍ በዚያው ፊደል የተጻፈ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ተማሪ በምን አነበበው? አር.ኤን.ኤ. ጽሕፈት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛም ሊሆን እንደሚችል ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን ደረሱበት፤ በ1989ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ2000 ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦሶም በቅርበት ሲታይ፣ አሚኖ አሲዶቹ የሚያያዙበት ስፍራ አር.ኤን.ኤ. ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት በመጀመሪያ አንባቢውም ጽሕፈቱም አር.ኤን.ኤ. ነበር ይላሉ። ልጆች ይህን ከትምህርት ቤት ይዘው ሲመጡ የሚሠጉ ወላጆች አሉ፤ ምርምሩ ግን የሚጠይቀው «እንዴት ሆነ?» ብሎ ነው፤ «ማን አደረገ?» የሚለው በመሣሪያ አይመዘንም።

የጥንቱ ኮድ ከዛሬው ያነሰ እንደ ነበረ የሚያመለክት ምልክትም አለ። በ1969 በአውስትራሊያ ከሰማይ በወደቀው የመርቺሰን ድንጋይ ውስጥ ሕይወት ሳይኖር የተሠሩ አሚኖ አሲዶች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ግላይሲን፣ አላኒን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድና ቫሊን ይቈጠራሉ። በሠንጠረዡ በጂ የሚጀምሩት ቃላት የሚያመለክቱት እነዚህኑ አምስቱን ነው። ምናልባት የመጀመሪያዎቹ ቃላት እነዚህ ነበሩ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተጨመሩ።

ክሪክ ረጋ ያለው ነገር ግን ፈጽሞ የማይነካ አይደለም። በ1979 በሰው ሕዋስ ውስጥ ባለው ማይቶኮንድሪያ ዩጂኤ የሚለው ቃል የመጨረሻ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ትሪፕቶፋንን ሲያመለክት ተገኘ። በ2019ም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ጄሰን ቺንና ባልደረቦቹ የአንድ ባክቴሪያን ዘር በሙሉ እንደ ገና ጻፉት። ከ64ቱ ቃላት 3ቱን ከ18,214 ስፍራ አውጥተው፣ ተመሳሳይ ትርጕም ባላቸው ቃላት ተኩአቸው። ባክቴሪያው በ61 ቃላት ብቻ ኖረ፤ ነገር ግን ከቀድሞው ዘሩ ይልቅ በዝግታ አደገ።