የራስን ሰማይ መለካት፦ ሥነ ፈለክን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በርቀት ስለ ማስተማር

(ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ የቀለበታዊው ግርዶሽ መስመርም ሰሜን ኢትዮጵያን አቋርጦ በላሊበላ ላይ አለፈ። እዚህ በደቡብ ጎንደር ደጋም የፀሐይ ገጽ በአብዛኛው ተሸፍኖ የማለዳው ብርሃን ደበዘዘ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ዝግ ነበሩ። ሰማዩ ትልቁን ትምህርት ይዞ ደጃፋችን ድረስ የመጣው ተማሪና መምህር በተራራቁበት ወቅት ነው። በካርቶን ላይ በመርፌ የተበሳች አንዲት ቀዳዳ የግርዶሹን ምስል ያለ አንዳች አደጋ መሬት ላይ ልትጥል ትችል ነበር፤ ይህን ለተማሪው ቀድሞ ለመንገር ግን የሚያደርስ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሥነ ፈለክንና የጽንፈ ዓለምን ጥናት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በርቀት ስናስተምር፣ በኔትወርኩ የምናስተላልፈው ምንድን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው። ኔትወርኩ ከሁሉ አስቀድሞ ልኬትን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ያመላልስ፤ ትምህርትን ከላይ ወደ ታች የማውረዱ ተግባር በሁለተኛ ደረጃ ይምጣ።

አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ትምህርት

የርቀት ትምህርት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለውን የሳተላይት ትምህርት ሲከታተሉ ቆይተዋል። ፕላዝማው በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ ትምህርት አዳረሰ፤ በቂ መምህር ባልነበረበት ቦታ ሥዕልንና ቤተ ሙከራን አሳየ። ሆኖም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም፤ መምህሩም ለማብራራት የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ዛሬ በስልክ የምናገኛቸው ቪዲዮዎች በአንድ ነገር ይሻላሉ፤ ተማሪው አስቁሞ መልሶ ሊያያቸው ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህም አንድ አቅጣጫ ብቻ አላቸው። ከዚህም በላይ የሚያሳዩት ሰማይ የእኛ አይደለም።

የሌላ አገር ሰማይ

ይህን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ ቪዲዮ ወቅቶችን ሲያብራራ «በሰኔ ፀሐይ ከፍ ስለምትል ሙቀት ይሆናል» ይላል። የደብረ ታቦር ተማሪ ግን በሰኔና በሐምሌ ጋቢ ይደርባል፤ ሙቀቱን የሚያውቀው ከዝናቡ በፊት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ቃሉም ራሱ ወጥመድ አለው። መዝገበ ቃላቱ «ሰመር»ን «በጋ» ብሎ ይፈታዋል፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን «ሰመር» ግን የክረምት መርሐ ግብር ነው። ተማሪው ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ትምህርቱን ለፈተና ይሸመድደዋል፤ የራሱን ልምድ ደግሞ ከሳይንስ ውጭ ያስቀምጠዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ዓይኑ ያየውን ከዕውቀት የማይቆጥር ተማሪ ነገ ተመራማሪ ሊሆን አይችልምና።

እውነታው ከቪዲዮው ይልቅ የሚስብ ነው። ደብረ ታቦር በሰሜን ኬክሮስ 11.85 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 13 አካባቢና ነሐሴ 16 አካባቢ፣ በቀትር ከአናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሁለተኛው ጊዜ ከደብረ ታቦር በዓል፣ ከቡሄ፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ መሆኑ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን ይወድቃል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ብንተክል በሰኔ አጋማሽ የቀትር ጥላው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይሆናል። እንግዲህ ክረምታችንን ያቀዘቀዘው ደመናውና ዝናቡ ነው እንጂ የፀሐይ ዝቅ ማለት አይደለም። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት መሆኑን ስንጨምርበት፣ ወቅት ከርቀት ይመጣል የሚለው የተለመደ ስሕተትም ይፈርሳል።

ቀትር የሚሆነው መቼ ነው? ተማሪው «ስድስት ሰዓት» ይላል። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ከተማችን ግን በ38 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ስለምታልፍ 28 ደቂቃ ትዘገይብናለች። ጥቂት ደቂቃዎች ከወቅት ወደ ወቅት ይለዋወጣሉ፤ በሚያዝያ 13 ጥላው የሚጠፋው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ነው። ተማሪው ይህን በዘንግና በስልኩ ሰዓት ብቻ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ሁለት ዘንጎች፣ አንድ ምድር

አሁን ኔትወርኩ ወደሚያስፈልገን ቦታ ደርሰናል። ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ የለካው በግብፅ ሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የጥላ ልዩነት ይዞ ነው። እኛም በመጋቢት 11 አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን፣ የአንድ ሜትር ዘንግ ብንተክል የቀትር ጥላው በደብረ ታቦር 21፣ በአዲስ አበባ 16፣ በሞያሌ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በደብረ ታቦርና በሞያሌ መካከል ያለው የማዕዘን ልዩነት 8.3 ዲግሪ ነው። የሰሜን-ደቡብ ርቀቱ በካርታ 925 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 360ን ለ8.3 አካፍለን በ925 ስናባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። ይህ የምድር ዙሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ርቀቱ ከካርታ ይወሰድ፤ የመኪናው መንገድ በዓባይ ሸለቆ ሲጠማዘዝ ስለሚረዝም ስሌቱን ያበላሻል። ሁለተኛ፣ በደብረ ታቦርና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የጥላ ልዩነት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ውጤቱን በ20 በመቶ ያዛባዋል። ተማሪው ርቀቱ ሲጨምር ልኬቱ ለምን እንደሚታመን የሚማረው ከዚህ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ሁለት የተገናኙ ትምህርት ቤቶች ግን ይችላሉ።

ወጪውንም አስቡት። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት ከ200 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት የድምፅ ገለጻ ወደ 15 ሜጋባይት ይበቃዋል። የጥላ ልኬት ደግሞ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን። የቀጥታ ስርጭት ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት በእንዲህ ያለ ጊዜ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ገለጻው በድምፅ ተቀድቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ፤ እንደ ስቴላሪየም ያለ የሰማይ ካርታ መተግበሪያም አስቀድሞ ይጫን፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራልና። ልኬቱ በደብተር ይመዝገብ፤ መስመሩ በተከፈተ ቀን ይላክ።

ተማሪው ይዞት የሚመጣው ሁለት ቁጥር

ስለ ጽንፈ ዓለም ስናስተምር ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመናል። ደቡብ ጎንደር የቤተልሔምና የዙር አባ አገር ነው፤ ብዙ ተማሪዎቻችን ባሕረ ሐሳብን ከቤተሰብ ወይም ከአብነት ትምህርት ቤት ሰምተው ይመጣሉ። 5500 ዓመተ ፍዳ በ2012 ዓመተ ምሕረት ላይ ሲደመር 7512 ዓመተ ዓለም እንደሚሆን ያውቃሉ። መምህሩ ግን 13.8 ቢሊዮን ይላቸዋል። ተማሪው ጥያቄውን ሳያነሣ ዝም ካለ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል።

እኔ የምመክረው ተማሪው ሁለቱም ቁጥሮች በምን መንገድ እንደተገኙ እንዲሠራ ነው። 7512ን ለ19 ስናካፍል 7 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 6 ነው። 6 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 6፣ 6 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 24 ይሆናል፤ ድምራቸውም 30 ነው። ይህ የፀሐይንና የጨረቃን ዙር በ19 ዓመት የሚያስታርቅ የረቀቀ ስሌት ነው፤ ተግባሩም በዓላትንና አጽዋማትን ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ከሌላ ዓይነት ልኬት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሀብል የራቁ ጋላክሲዎች ይበልጥ ፈጥነው እንደሚሸሹ አሳየ። በዛሬው ልኬት አንድ ጋላክሲ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ፍጥነቱ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ተማሪው ይህን ርቀት ወደ ኪሎ ሜትር ቀይሮ ለ70 ቢያካፍለውና ሰከንዱን ወደ ዓመት ቢመልሰው፣ በስልኩ ማስያ 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያገኛል። የመስፋፋቱ ፍጥነት በየዘመኑ አንድ ዓይነት ስላልነበረ ትክክለኛው ስሌት 13.8 ይሰጣል። ተማሪው የእያንዳንዱን ቁጥር መነሻና ጥያቄ ለይቶ ካወቀ፣ እምነቱን እንዲክድም ሳይንሱን እንዲፈራም አይገደድም።

የብርሃን ዓመትም ባዶ ቃል እንዳይሆን ከሕይወቱ ጋር ይያያዝ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ጥርት ያሉ ምሽቶች በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብላ የምትታየው አልፋ ሴንቶሪ 4.4 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ተማሪው 8ኛ ክፍል ሳለ ከእርሷ የተነሣው ብርሃን ዓይኑ ውስጥ የሚገባው 12ኛ ክፍልን በሚያጠናቅቅበት ጊዜ ነው።

ለሐምሌ 26 መዘጋጀት

እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ እንጦጦ ሊደርስ አይችልም። ሰማዩ ግን ይደርሰዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ መስመሩ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ በግብፅ ሉክሶር በኩል ወደ ዐረቢያ ያልፋል፤ በሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። እኛ ዘንድ ከፊል ግርዶሽ ነው። ወሩ ሐምሌ ስለሆነ የጉና ደመና ሊጋርድብን ይችላል፤ ትምህርት ቤትም በዕረፍት ላይ ነው። ልኬት የሚለዋወጡ ትምህርት ቤቶች ካሉን ግን እኛ በደመና ስንሸፈን ሰማዩ የጠራለት ሌላ ትምህርት ቤት ያይልናል፤ የብርሃኑንና የሙቀቱን ለውጥም በየደቂቃው ይልክልናል።

ስለዚህ እዚህ ለተገኛችሁ መምህራን ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። ከሚቀጥለው የትምህርት ወር ጀምሮ በየትምህርት ቤታችሁ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ትከሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን የቀትር ጥላውን ተማሪዎች ይለኩ፤ ከሌላ ወረዳ አንድ አጋር ትምህርት ቤት ፈልጉ። የእኛም መምህራን ልኬቶቹን ለመሰብሰብና ለመመርመር ከእናንተ ጋር እንዲሠሩ አደራ እላለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ቅድሚያውን ግን ለተማሪዎቹ እንስጥ።