ስለ መኪና ፍሬንና ስለ ደጋ ውርጭ

ከጥቅምት ወር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ በሸዋ ደጋ፣ ይልቁንም በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ፣ ሰማዩ ከደመና የጠራ በሆነ ጊዜ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። ማለዳ የተነሣ ሰው አመዳይ ወርዶ፣ ሣሩም ገብሱም ጨው እንደ ተነሰነሰበት ነጥቶ ያገኘዋል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና ይህ ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በዚያ መቋቋሙም ያለ ምክንያት አይመስልም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ የሚሄዱ የጭነትና የሕዝብ መኪናዎች በዚያ ሲያድሩ፣ ሾፌሩ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ ቢያስገባ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ያገሣል፤ ጎማው ግን አይዞርም። ፍሬኑ ይዞታል።

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ነገር አደጋ ያለበት ነው። ሾፌሩ ተሳፋሪው እንዳያጉረመርምበት፣ ባለንብረቱም ስለ ምን ዘገየህ ብሎ እንዳይቈጣው ፈርቶ ነዳጁን አብዝቶ ይረግጣል፤ መኪናውንም በግድ ጎትቶ ያላቅቀዋል። ይህ ካልሆነለት ረዳቱን መዶሻ አስይዞ ከመኪናው ሥር ያስገባዋል። በመጀመሪያው አደራረግ፣ በበረዶ የተጣበቀው የፍሬን ሸራ ከተለጠፈበት ብረት ተገንጥሎ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ግን ከዚህ የከፋ ነው። መኪናውን በቦታው ያቆመው ያ የተጣበቀ ፍሬን ብቻ ከሆነ፣ መዶሻው ባላቀቀው ቅጽበት መኪናው ነጻ ይሆናል፤ መሬቱም ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ ይንከባለላል፤ ከሥሩ ግን ሰው ተኝቷል። ረዳት የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንጀራውን ከሾፌሩ እጅ የሚጠብቅ ወጣት ነውና፣ አልገባም ለማለት ድፍረት አይኖረውም። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመጀመሩ አስቀድሞ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ታኮ ሳይደረግ ሰውን ከመኪና ሥር ማስገባት ስንፍና ሳይሆን በደል ነው።

ፍሬን በብርድ የሚይዝበት ምክንያት ስውር አይደለም። በብዙ መኪናዎች ላይ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት አለ፤ በውስጡም ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች አሉ። የእጅ ፍሬን በተሳበ ጊዜ እነዚህ ወደ ውጭ ተገፍተው የከበሮውን ውስጥ ይጫኑታል፤ እንደ ተጫኑትም ያድራሉ። መኪናው በማታ ታጥቦ ወይም ወንዝ ተሻግሮ ከሆነ በሸራውና በከበሮው መካከል ውሃ ይቀራል። ውሃም በ0 ዲግሪ ሲረጋ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋልና፣ ሁለቱን አካላት እንደ ሙጫ አጣብቆ ይይዛቸዋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ብረት ያለውን ሙቀት ወደ ሰማይ እየሰደደ ከአካባቢው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ ሙቀት ከ0 ዲግሪ በላይ እያለ እንኳ የመኪናው አካል ውርጭ ለብሶ የሚታየው ስለዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑ የሽቦ ገመድም በሽፋን ውስጥ የሚሄድ ነው፤ ሽፋኑ ተቀዶ ውሃ ከገባበት ገመዱ ከውስጥ ይረጋል፤ እጀታው ቢለቀቅም ፍሬኑ አይለቅም።

ሆኖም ጠዋት የያዘ ፍሬን ሁሉ በበረዶ የያዘ አይደለም። በክረምት ብዙ ቀን ቆሞ የሰነበተ መኪና የሚይዘው ዝገት ነው፤ እርሱም መኪናው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምቶ ይለቃል። በረዶ ከሆነ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ፀሐይም ወጥታ፣ መኪናውም ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ ግን ነገሩ ከብርዱ ያለፈ ነው። ይህን ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያሻም፤ ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ነድቶ መቆምና እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መኻል አስጠግቶ ሙቀቱን ማመዛዘን ይበቃል። የሸራ መቃጠል ሽታም ምስክር ይሆናል።

በበረዶ መያዙ ከታወቀ የሚበጀው መድኀኒት ትዕግሥት ነው። ታኮው ከተደረገ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ፣ ከዚያም ታኮውን አንሥቶ በዝቅተኛው ማርሽ ሳያስገድዱ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ መሞከር ነው። ካልለቀቀ ለብ ያለ ውሃ በቦታው ላይ ማፍሰስ ይቻላል፤ ነገር ግን መኪናው ወዲያው ካልሄደና ፍሬኑ በቀስታ እየተረገጠ ካልደረቀ፣ ያው ውሃ ተመልሶ ይረጋል። የፈላ ውሃ በቀዘቀዘ ብረት ላይ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጨርቅ በጋዝ ነክሮ ማቀጣጠልና ከሥር መያዝ ደግሞ ነዳጅና ጎማ ባለበት ቦታ እሳት መጫወት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ማታ በሚደረግ ጥቂት ነገር ሊቀር የሚችል ነው። ውርጭ በሚወርድበት አገር የሚያድር መኪና በማታ ባይታጠብ ይሻላል፤ ከታጠበም ወይም ውሃ ከተሻገረ፣ ከማደሪያው ሳይደርስ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ እየረገጡ በራሱ ሙቀት ማድረቅ ነው። ትንንሽ መኪናዎችን በደልዳላ ቦታ አቁሞ ማርሽ አስገብቶ፣ ታኮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይስቡ ማሳደር ይቻላል። ክረምቱ ከባድ በሆነባቸው እንደ ስዊድን ባሉ አገሮች ይህ የታወቀ ልማድ ነው፤ በአሜሪካ በሚኒሶታ ታክሲና የጭነት መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያንም የዚያን አገር ብርድ ከቀመሱ ወዲህ የሚያውቁት ነገር ነው። ብርድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ የሚወርድ ስለ ሆነ ከረባዳ ይልቅ ጥቂት ከፍ ባለና የማለዳ ፀሐይ በሚያገኘው ሥፍራ ማቆምም ይረዳል።

በነፋስ ኀይል በሚሠራ ፍሬን ለሚሄዱት ትልልቅ መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በእነዚህ ላይ መኪናውን ሲቆም የሚይዘው ብርቱ ሞላ ነው፤ ሞላውን ገፍቶ የሚያስለቅቀውም የታመቀው አየር ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሲያምቅ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ በማጠራቀሚያው ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ውሃ በቧንቧውና በመክፈቻዎቹ ውስጥ የረጋ እንደ ሆነ አየሩ ወደ ሞላው አይደርስም፤ መኪናውም እንደ ተያዘ ይቀራል። በሌላ ቦታ ቢረጋ ደግሞ ፍሬኑ በተረገጠ ጊዜ አየሩ ወደ ጎማው እንዳይሄድ ይከለክላል፤ ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ያስፈራል፤ ያልተንቀሳቀሰ መኪና ማንንም አልገደለምና። መፍትሔው በየማታው፣ ሁሉ ነገር ገና ሞቅ እንዳለ፣ ከማጠራቀሚያው ሥር ያለውን መክፈቻ ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት ነው። አየር ማድረቂያ የተገጠመለትም ቢሆን ማድረቂያው ዘመኑ ሲያልፍ ካልተለወጠ ጥቅም የለውም።

በፍሬን ዘይት የሚሠሩት መኪናዎችም ከውሃ አልዳኑም። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የመጥለፍ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ ከመቶ 3.7 እጅ ያህል ውሃ በጠጣ ጊዜ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በየ2 ዓመቱ ይለወጥ የሚባለው ስለዚህ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። ዘይቱ ጎደለ ተብሎ የሞተር ዘይት የተጨመረበት መኪና፣ ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች አብጠው ፍሬኑን እንደ ተጫነ ያስቀሩታል። ሾፌሩ ብርዱን ሲረግም ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የብርዱ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚመዘንበት ቦታ ጣርማ በር ነው። ከደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ፣ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ይገኛል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መንገዱም በደብረ ሲና አልፎ እየተጠማዘዘ 1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ክብደቱ 10 ቶን የሆነ መኪና ይህን 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል፣ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 500 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩና ነፋሱ ከዚህ ድርሻቸውን ካልወሰዱ የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሽቅብ በወጡበት ማርሽ ቁልቁል መውረድ የሚባለው የቆየ ሕግ ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ ጠዋት በግድ ተጎትቶ ሸራው የተገነጠለ፣ ወይም አንዱ ጎማው ሳይለቅ ሲግል የመጣ፣ ወይም ዘይቱ ውሃ የጠጣ መኪና ወደዚህ ቁልቁለት ሲደርስ ግማሽ ኀይሉን አስቀድሞ አጥፍቷል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃልና ፔዳሉ ከወለሉ ይደርሳል፤ ጎማው ግን አይያዝም። ተሳፋሪው ማለዳ በደብረ ብርሃን ሩብ ሰዓት መዘግየቱን ብቻ ያስታውሳል፤ የዚያ ሩብ ሰዓት አጠቃቀም ከገደሉ አፋፍ ላይ እንደሚፈተን አያውቅም።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬንን የሚለካ ቢሆንም በቀን ብርሃን የሚደረግ ነው፤ በደጋ ሌሊት የሚሆነውን አያይም። ባለንብረቶች ለሾፌሩ የመነሻ ሰዓት ሲቈርጡለት በውርጭ ወራት ግማሽ ሰዓት ቢጨምሩለት፣ ሾፌሩም ከዋሻው ሳይገባ ዳር ይዞ ወርዶ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ቢመረምር፣ ለሥራው ከ5 ደቂቃ የበለጠ አይፈጅበትም። ከሌሎቹ የጋለ ጎማ ካገኘ ደብረ ሲና ደርሼ አሠራዋለሁ አይበል፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከደብረ ሲና በፊት ነው።