በራስ እጅ የተሠራ ድረ ገጽና ከፍቶት የሚገባው ደንበኛ

ድረ ገጽ ለማቆም ዛሬ ባለሙያ መቅጠር የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስና በ2006 እስራኤል ውስጥ የተመሠረተው ዊክስ ኮድ የማያውቅ ነጋዴ እንኳ ገጹን ራሱ እንዲሠራ መንገዱን ከፍተዋል። የሱቃቸውን፣ የእንግዳ ማረፊያቸውን፣ የልብስ ስፌታቸውን ገጽ በዚህ መንገድ ያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ድካማቸውም ይከበራል። ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገጹ ይሠራል፣ ሰው ይከፍተዋል፣ የሚያዝ ግን የለም።

ምክንያቱ በአብዛኛው የአቀማመጥ ነው። ባለቤቱ ገጹን የሚደረድረው ድርጅቱን እሱ በሚያስብበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የምሥረታው ታሪክ፣ ራእይና ተልእኮ፣ በመጨረሻ ዕቃው። ደንበኛው ደግሞ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። መልሱን ቶሎ ካጣ ገጹን ዘግቶ ሌላ ሱቅ ይፈልጋል።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ዋሽንግተን የምትኖር ሴት ለእህቷ ሠርግ ቀሚስ ፈልጋ ገጿን ከፈተች። ማወቅ የምትፈልገው ግልጽ ነው፤ ቀሚሱ ምን ይመስላል፣ ስንት ነው፣ ልኬን እንዴት ልላክ፣ ለሠርጉ ይደርሳል ወይ፣ ክፍያውስ በምን በኩል ነው? እነዚህ መልሶች ገና ገጹ እንደተከፈተ መታየት አለባቸው። ፎቶው ከፊትና ከኋላ፣ አንዱ ደግሞ ጥለቱን ቀረብ አድርጎ ያሳይ፤ የሀበሻ ልብስ ገዢ አስቀድማ የምታየው ጥለቱን ነውና። ደረት፣ ወገብና ቁመት የት ላይ እንደሚለካ የሚያሳይ አንድ ቀላል ሥዕል ቢኖር ብዙ ስልክና ብዙ እርማት ያስቀራል።

ዋጋን በተመለከተ የነጋዴዎቻችን ማመንታት ይገባኛል። ክር ይወደዳል፣ ምንዛሪ ይለዋወጣል፣ ተፎካካሪም ያያል። ቢሆንም «ዋጋ ለማወቅ ይደውሉ» የሚለው ጽሑፍ ደንበኛን ያሸሻል ብዬ አምናለሁ። ቁርጥ ያለ ዋጋ መጻፍ ካስቸገረ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብሎ፣ ዋጋው የወጣበትን ቀን አጠገቡ ማስፈር ይቻላል።

የእኛ ገጾች ላይ የሚያጋጥም ሌላም ጉዳይ አለ፤ ሰዓቱ። «ከ2፡30 እስከ 12፡00 ክፍት ነን» የሚለው ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አያሻማም። ያው ቁጥር በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ሳይቀየር ከሰፈረ ግን ውጭ አገር ያደገ ደንበኛ ሱቁ ከቀትር በኋላ ተከፍቶ እኩለ ሌሊት የሚዘጋ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛው በኩል 8፡30 እና 18፡00 ተብሎ መጻፍ አለበት። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ሽሮ ሜዳ ሱቁ ሲዘጋ እዚያ ገና ረፋድ ነው። ስለዚህ ለሩቅ ደንበኛ ከስልክ ቁጥር ይልቅ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ሊንክ ይጠቅማል፤ በፈለገው ሰዓት ጽፎ ይልካል። ስልኩም ቢሆን በ09 ወይም በ07 ከጀመረ ከውጭ አይገባም፤ ዜሮው ወጥቶ +251 ይቅደም። ጣት ሲነካውም በቀጥታ የሚደውል መሆን አለበት። ቀንም እንዲሁ ነው፤ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ይገለጽ።

ፎቶ ደግሞ ገጹን ያሳምራል፣ ያንቀራፍፈዋልም። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። 10 እንዲህ ያሉ ፎቶዎች የተደረደሩበት ገጽ ተመልካቹን 40 ሜጋባይት ያስከፍለዋል ማለት ነው፤ ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ጉግል ጥሩ ፍጥነት የሚለው የገጹ ዋና ምስል ወይም ጽሑፍ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። ስኩሽ በተባለው ነፃ መሣሪያ የፎቶውን ስፋት ወደ 1200 ፒክስል ዝቅ አድርጎ ዌብፒ በተባለው ፎርማት ማስቀመጥ ክብደቱን ብዙ ጊዜ ወደ 200 ኪሎባይት አካባቢ ያወርደዋል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ራሱን በራሱ የሚያጫውት ቪዲዮና የሚንሸራተቱ ትልልቅ ምስሎች ቢቀሩ እመርጣለሁ።

የዋጋ ዝርዝርን እንደ ፖስተር በምስል ሠርቶ መለጠፍም የተለመደ ነው። በስልክ ላይ ፊደሉ ደቅቆ አይነበብም፤ ኮፒ አይደረግም፤ የማየት ችግር ላለበት ሰው ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም ምስሉን እንደ ጽሑፍ አያነበውም። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር በሚለዩበት በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለገባ አማርኛን በቀጥታ እንደ ጽሑፍ ማስገባትን የሚከለክል ነገር የለም። ሆኖም ዩኒኮድ ለሀ፣ ለሐና ለኀ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ «ሀበሻ» እና «ሐበሻ» ለኮምፒውተር ሁለት ቃላት ናቸው። ገጹ ላይ ሁለቱም አጻጻፎች በየቦታው ቢገኙ ፈላጊውን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ቃሉን በላቲን ፊደል የሚፈልጉም አሉና አንድ ሁለት ቦታ እንዲያ ብሎ መጻፉ አይጎዳም። የጽሑፉ ቀለም ከጀርባው በደንብ ይለይ፤ ነጭ ላይ ወርቃማ ፊደል ለጥልፍ ያምራል፣ ለንባብ ግን ዓይን ያደክማል።

አድራሻ ላይ የጉግል ማፕ ምልክት ብቻውን አይበቃም። የከተማችን ሰው የሚፈልገው «ከእገሌ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ምድር ቤት» የሚል ምሪት ነው፤ ሁለቱም ይኑሩ። ገጹ ኤችቲቲፒኤስ በተባለው ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ መከፈቱንም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ጀምሮ የጉግል ክሮም ብራውዘር ይህ የሌለውን ገጽ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ነው እያለ ለጎብኚው ይናገራል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላም ባለቤቱ ብቻውን ጉድለቱን ሊያየው አይችልም፤ እያንዳንዱ ነገር የት እንዳለ ያውቃልና። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን 5 ሰዎችን ብቻ ማስሞከር አብዛኛውን ችግር እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ2000 ጽፏል። አሠራሩ ቀላል ነው። ገጹን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስልክ ሰጥቶ «ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ እዘዝ» ማለት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መመልከት። የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። ተሞካሪው ሜኑውን አጥቶ ሲንከራተት «እዚህ ጋ ንካው» ማለት ያምራል፤ ያኔ ግን ፈተናው ይበላሻል። ጣቱ የት እንደሄደ፣ የት እንደቆመ፣ ወደ ኋላ የተመለሰው ምን ሲያይ እንደሆነ መጻፍ ነው የሚሻለው። ከ5ቱ አንዱ በዕድሜ የገፋ፣ አንዱ ደግሞ አማርኛ የማያነብ ቢሆን ጥሩ ነው።

የራስዎ ገጽ ካለዎት በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ያስሞክሩ። ከዚያ በፊት ገጹን በሚያምር አዲስ ቴምፕሌት ለመቀየር ገንዘብ አያውጡ።