የማያሳፍር የጓሮ ተክል እንዴት ይመረጣል?

ችግኝ መሸጫ ቦታ ላይ ሁሉም ተክል ያምራል። ቲማቲሙ ለምልሟል፣ በሶብላው ከሩቅ ይሸታል፣ ቃሪያው አበባ ይዟል። ከሦስት ወር በኋላ ግን አንዱ ጓሮውን ሲሞላው ሌላው ጠውልጎ ይነቀላል። ሰው ይህን ከእጅ ጋር ያያይዘዋል፤ የእገሊት እጅ ለተክል ይሆናል፣ የእኔ ግን አይሆንም ይላል። ጥሩ እጅ ማገዙ አይቀርም። ይበልጥ የሚወስነው ግን ሌላ ነው፦ ተክሉ የሚፈልገውና ጓሮው የሚሰጠው መግጠማቸው። አዲስ አበባን እንያዝና ጓሮ ለተክል ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚከለክል አንድ በአንድ እንይ።

ሌሊቱ ስንት ዲግሪ ነው?

ተክል ስንመርጥ የምናስበው ቀኑን ነው፤ ፀሐይ አለ ወይ እንላለን። ብዙውን ተክል የሚያሸንፈው ግን ሌሊቱ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ አብዛኛው ሰፈሯ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ለከተማዋ ቲማቲም የሚልኩት መቂና ባቱ (ዝዋይ) ግን 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው።

ይህች 4 ዲግሪ ለቲማቲም ብዙ ናት። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ በደንብ አይሠራም፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። በአዲስ አበባ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ይጨመርበታል፤ የቲማቲምንና የድንችን ቅጠል እያጠቆረ የሚያደርቀው በሽታ የሚወደው ይህንኑ ብርድና እርጥበት ነው። ቲማቲሙ ቅጠሉ አምሮ ፍሬ ሲነፍግ ውኃ አነሰው ብሎ ደጋግሞ ማጠጣት መፍትሔ አይሆንም።

አንድ ግቢ ውስጥም ሌሊት እንደየቦታው ይለያያል። ሰማይ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ይወርዳል። ውርጭ ቀድሞ የሚጥለው እዚያ ነው። በአንጻሩ የጣሪያ ክፈፍ ሙቀቱ ወደ ሰማይ እንዳይሸሽ ይከለክላል፤ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ስለዚህ ብርድ የማይችሉት በሶብላና ቃሪያ ቦታቸው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ነው፤ ጎመን ከአጥር ጥግም ይችለዋል።

ውኃው ወዴት ይሄዳል?

ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ሲሞላ አየር ይወጣል፣ ሥር ይታፈናል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። ወደ አቃቂና ወደ ቦሌ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ሮዝመሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠላችን፣ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ተክል ነው፤ ድርቅን ይችላል፣ ረግረግ ግን ይገድለዋል። ነሐሴ ላይ በዋልካ ውስጥ የሚሞተው እንክብካቤ ስላጣ ሳይሆን ውኃ ስለበዛበት ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉት። በማግሥቱ ውኃው አሁንም ካለ መሬቱ ውኃ ያቁራል። ያን ጊዜ መደቡን ከመሬት 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የበሰለ ፍግ መቀላቀል፣ ካልሆነም ታቹ በተበሳ ቆርቆሮ ወይም ጀሪካን መትከል ይሻላል።

ቀኑ ምን ያህል ይረዝማል?

ይህ የሚመለከተው በተለይ ከውጭ አገር ዘመድ የዘር ፓኬት ለሚላክላቸው ነው። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚዘሩ ብዙ ዝርያዎች ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ሰኔ ላይ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ያ ዘር እዚህ ሲዘራ ቅጠል እያወጣ ይኖራል እንጂ ሽንኩርት አይሆንም። አገር ውስጥ የሚዘሩት ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ በአጭር ቀን የሚቋጥሩ በመሆናቸው ይሳካላቸዋል።

ቅጠል ወይስ ፍሬ?

ፍሬ ለመብላት ተክሉ ማደግ፣ ማበብ፣ የአበባ ብናኝ መቀበል፣ ፍሬውን መያዝና ማብሰል አለበት፤ አንዱ እርምጃ ከተበላሸ ሁሉም ይቀራል። ቅጠል ለመብላት ግን ማደጉ ብቻ ይበቃል። ለጀማሪ ቅጠላ ቅጠል የሚመከረው ለዚህ ነው።

ዕድሜም ሌላ መመዘኛ ነው። ያበሻ ጎመን በአንድ ወቅት አብቦ ዘር ሰጥቶ ይጨርሳል። የጉራጌ ጎመን ግን ግንድ እያበጀ ከዓመት በላይ ይቆያል። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከጫፉ ስለሆነ የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየለቀሙ፣ ከላይ አምስት ስድስቱን መተው ነው። ጫፉ ከተቆረጠ ዋናው የቅጠል ምንጭ ተቆረጠ። ቆስጣም እንዲሁ ከዳር እየተለቀመ ከመሃል ይተካል።

እንግዲህ ምን እንትከል?

በእነዚህ መመዘኛዎች ለአዲስ አበባ ጓሮ የማያሳፍሩት እነዚህ ናቸው።

የጉራጌ ጎመንና ቆስጣ፦ ብርዱን ይችላሉ፣ ቶሎ ይደርሳሉ። የጎመን ጠላት ክሽክሽ ነው፤ ቅጠሉን ገልብጦ ማየትና ገና ሳይበዛ በውኃ ማጠብ ይገታዋል።

የጥብስ ቅጠል፦ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጤነኛ ቅርንጫፍ ይቆረጥና የታች ቅጠሉ ተመልጦ ውኃ በማያቁር አፈር ይተከላል። ሥር እስኪይዝ አፈሩ እርጥብ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ግን ውኃ አያብዙበት።

ጤና አዳም፦ ለቡናው ቅጠሉ፣ ለበርበሬው ፍሬው ይሆናል። ዓመት ከዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆርጡት ጭማቂው ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል ጓንት ማድረግ ወይም አመሻሽ ላይ መልቀም ይበጃል።

ኮሰረት፦ ቅቤ ለሚያነጥር ቤት። እሱም ቁጥቋጦ በመሆኑ በየዓመቱ እንደ አዲስ አይዘራም።

በሶብላ፦ በየወቅቱ የሚዘራ ነው። ዘሩን አስቀርቶ ግድግዳ ሥር መዝራት እንጂ ውርጭ ይችላል ብሎ ሜዳ ላይ መተው አያዋጣም።

አንድ ነገር ለዘር ገዢ፦ ፓኬቱ ላይ ኤፍ1 የሚል ካለ ዘሩ ዲቃላ ነው። በመጀመሪያው ዙር ጥሩ ሊያፈራ ይችላል፤ ከእሱ የተለቀመው ዘር ግን እናቱን አይመስልም።

ማስረጃው ከጎረቤት አጥር ነው

ይህን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር ማወቅ ለሚፈልግ ዙሪያውን መመልከት ይበቃል። ክረምቱንም የታኅሣሥን ውርጭም ተንከባካቢ ሳይኖረው ያለፈ ቁጥቋጦ ካዩ፣ ያ ተክል የሰፈርዎን ሌሊትና አፈር ፈተና አልፏል። ባለቤቱን ቅርንጫፍ ይለምኑ፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ይትከሉት፤ ዝናቡ ያጠጣልዎታል።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቅጠላ ቅጠልና ሁለት ቁጥቋጦ ይበቃል። ለቲማቲም ያለዎትን ፍቅርም መተው የለብዎትም፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አንድ ቆርቆሮ ይስጡት። ካፈራ ተመስገን፤ ካላፈራ ግን የዕለቱ ወጥ ከጎመኑ መደብ ይወጣል።