የነጻ ሕክምና በጎ ፈቃደኞችና የሙያ ፈቃድ ጥያቄ

የነጻ ሕክምና ዘመቻ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት ወደ ድሃ አገሮች የሚጓዙ ሐኪሞች ናቸው። በአሜሪካ በአፓላቺያ ተራሮች አካባቢ ግን ይኸው አገልግሎት ለአገሪቱ ዜጎች ሲሰጥ ቆይቷል። በቨርጂኒያ ግዛት ዋይዝ ወረዳ ለዓመታት በየበጋቸው ወራት በኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ በተካሄደው ዘመቻ፣ ሕሙማን በመኪናቸው ውስጥ አድረው ከንጋት በፊት የተራ ቁጥር ይወስዱ ነበር። አብዛኞቹ የሚመጡት ለጥርስና ለዓይን ሕክምና ነው። ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር የተሰኘው የመንግሥት የጤና መድን እንኳ መደበኛ የጥርስ ሕክምናን በአብዛኛው አይሸፍንም።

ዘመቻውን የሚያስተባብረውን ሪሞት ኤሪያ ሜዲካል የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የመሠረቱት እንግሊዛዊው ስታን ብሮክ ናቸው። ብሮክ በወጣትነታቸው በብሪቲሽ ጊያና ከብት ጠባቂ ሳሉ በፈረስ አደጋ ክፉኛ ተጎድተው፣ ሐኪም የሚገኘው ከ26 ቀን የእግር መንገድ በኋላ መሆኑ ተነግሯቸው እንደነበር ይተርኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እስካረፉ ድረስ ድርጅቱን የመሩት ያለ ደመወዝ ነው።

ይሁንና ትልቁ እንቅፋት የፈቃደኞች እጥረት ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ የሕክምና ሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ በመሆኑ፣ በአንዱ ግዛት የተመዘገበ ሐኪም ድንበር ተሻግሮ በነጻም ቢሆን ማከም አይችልም ነበር። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ከሌላ ግዛት የመጡ ባለሙያዎች ክፍያ ሳይቀበሉ እንዲያክሙ ፈቀደች። ካሊፎርኒያ ግን ዘገየች። እ.ኤ.አ. በ2009 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በኢንግልዉድ በተካሄደው ዘመቻ ሕዝቡ በብዛት ተሰልፎ ሳለ፣ ከሌሎች ግዛቶች ለመምጣት ፈቃደኛ የነበሩ ሐኪሞች ሊሠሩ አልቻሉም። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ቢጸድቅም፣ የሙያ ቦርዶቹ ዝርዝር ደንብ እስኪያወጡ ድረስ በተግባር ላይ አልዋለም።

ጥያቄው ግን ተራ የቢሮ ጣጣ አይደለም። ጥርስ የተነቀለለት ሰው ሐኪሙ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ደም ቢፈሰው፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለዚህም ነው ሕጎቹ ባለሙያው በመጣበት ግዛት የጸና ፈቃድ እንዲኖረው የሚጠይቁት።

ፈቃዱ ሲፈታም የማይፈታ ነገር አለ። ጥርስ ይነቀላል፤ መነጽር እዚያው ተሠርቶ ይሰጣል። የደም ግፊቱ ወይም ስኳሩ ከፍ ማለቱ በዘመቻው ላይ የታወቀለት ሰው ግን መድኃኒቱን በየዕለቱ፣ ክትትሉንም በየጊዜው ይሻል። ድንኳኑ የሚነቀለው ደግሞ እሑድ ማታ ነው።